«ባሕሩን መጀመሪያ አምጣና!»፦ ከኮልፌ ወንዝ ዳር ቆሻሻ ለቅሞ የመቁጠር መመሪያ

ኮልፌ ቀራኒዮ ተቀምጦ ስለ ባሕር ቆሻሻ የሚያወራ ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው ሳቅ ነው። የእድራችን ዳኛ ሐሳቤን ሰምተው ሲጨርሱ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ «ልጄ፣ ባሕሩን መጀመሪያ አምጣና!» አሉኝ። አልተሳሳቱም። ከአጠና ተራ ተነስቶ ባሕር ለማየት ሰው ቢያንስ ጅቡቲ መድረስ አለበት። ቢሆንም ባሕር ዳር ቆሻሻ የሚለቅሙ በጎ ፈቃደኞች በየአገሩ የለመዱት፣ እኛ ወንዝ ዳር ስንወርድ ግን የማንሠራው አንድ ሥራ አለ። እነሱ የለቀሙትን ይቆጥራሉ፤ እኛ ፎቶ ተነስተን እንበተናለን። በዓመቱም ያው ፌስታል፣ ያው ዳይፐር፣ ያው ፎቶ።

ይህ መመሪያ የሰፈራችሁን ወንዝ ዳር እንዴት እንደምታጸዱ፣ የለቀማችሁትን እንዴት እንደምትቆጥሩና ቁጥሩን ከወንዙ በታች ላሉት ሰዎች እንዴት እንደምታደርሱ ያሳያል። የተጻፈው ሃያ ያህል ሰው ማሰባሰብ ለሚችል እድር፣ የወጣቶች ማኅበር፣ የተማሪዎች ክበብ ወይም የጎረቤት ስብስብ ነው። ብቻችሁን ከሆናችሁም አንብቡት፤ ብቻችሁን ግን ወንዝ አትውረዱ።

ውሃው ወዴት ይሄዳል?

ጓንት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አጣሩ። በየሰፈሩ «ወንዙ» እየተባለ ብቻ የሚጠራ ቦይ አለ። በኮልፌ ቀራኒዮ አብዛኛው ቦይ ዞሮ ዞሮ የሚገባው ትንሹ አቃቂ ውስጥ ነው። ትንሹ አቃቂ ከወጨጫ ተራራ በኩል ተነስቶ፣ ገፈርሳ ላይ ተገድቦ፣ ከዚያ የአዲስ አበባን ምዕራብ እየሰነጠቀ ወደ ደቡብ ይወርዳል። አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ከትልቁ አቃቂ ጋር ይገናኝና አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ ቆቃ ገብቶ ወጥቶ፣ ስምጥ ሸለቆውን ይዞ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ሲደርስ ያበቃል። ባሕር አይገባም።

እንግዲህ ከአየር ጤና ቦይ ውስጥ የወደቀ ፌስታል ቀይ ባሕርን የማየት ዕድሉ ጠባብ ነው ማለት ነው። ይህን መጀመሪያ ሳውቅ ተንፈስ አልኩ፤ ውሎ አድሮ ግን ነገሩ ተገለበጠብኝ። ባሕር ያለው አገር ቆሻሻው ቢያንስ ከዓይኑ ይርቅለታል። የእኛ መውጫ የለውም። አባ ሳሙኤል ላይ ይንሳፈፋል፣ በደለል ይቀበራል፣ የመስኖ ቦይ ይዘጋል፣ ሲደርቅ ነፋስ አንስቶ ግራር ላይ ይሰቅለዋል፣ ከብትና ግመል ይውጠዋል። ጅቡቲ መስመር የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር በየሰፈራችሁ አይጠፋም፤ ከአዋሽ ወዲያ መንገድ ዳር ምን እንደሚያይ ጠይቁት። የእኔ ጎረቤት «ግራሩ ፌስታል ያፈራ ይመስላል» ነው ያለኝ።

ሁሉም ወንዞቻችን እንደ አዋሽ አይደሉም። እንጦጦ የሁለት ተፋሰስ ድንበር ነው፤ ከጀርባው የሚወርደው ውሃ በሙገር በኩል አባይ ይገባል፣ አባይ ደግሞ ሜዲትራኒያን ድረስ ይሄዳል። ተከዜና ባሮም በዚያው መንገድ ይከተሉታል። ገናሌ ከዳዋ ጋር ገጥሞ ጁባ ይሆንና ኪስማዮ አጠገብ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። ኦሞ ቱርካና ሐይቅ ይቀራል፤ ዋቤ ሸበሌም አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ሳይደርስ ሶማሊያ ውስጥ ይሰወራል። ዘመዶቻችሁ ባሕር ዳር ከተማ ወይም ነገሌ ካሉ ይህን ጽሑፍ ላኩላቸው፤ እነሱ በወንዛቸው በኩል ከእኛ ይልቅ ለባሕር ይቀርባሉ።

ሃምሳ ሜትር ይበቃችኋል

የመጀመሪያው ስሕተት «ወንዙን እናጽዳ» ብሎ መነሳት ነው። ወንዙ አይጸዳም። የሚጸዳው ልኩ የታወቀ ቁራጭ ዳርቻ ነው። ከድልድዩ እስከ ትልቁ ባሕር ዛፍ፣ ወይም ከአንዱ የድንጋይ ግንብ እስከ ሌላው፣ ሃምሳ ሜትር በገመድ ለኩ። ሁለቱን ጫፎች በማይጠፋ ምልክት ያዙ፤ ቀለም ዝናብ ያጥበዋል፣ ፌርማታ ይነሳል፣ ግንብና ድልድይ ግን ይቆያሉ። በሰሜን አውሮፓ የባሕር ዳርቻ ቆሻሻ የሚከታተሉት ሰዎች መቶ ሜትር ነው የሚለኩት፤ የእኛ ዳርቻ ገደል ስለሚበዛበት ግማሹ ይበቃል። ቁም ነገሩ በየጊዜው እዚያው ቦታ መመለስ ነው። ቦታ እየቀያየረ የሚቆጥር ሰው ቆሻሻው ጨመረ ወይስ ቀነሰ ብላችሁ ብትጠይቁት መልስ የለውም።

ከሥሩ የተሸረሸረ ገደል አትምረጡ። የሽንት ቤት ቱቦ ወደ ወንዙ የተለቀቀበትን፣ የውሃው ቀለም በየሰዓቱ የሚለዋወጥበትን ቦታም እለፉት። እንዲህ ያለ ቱቦ ካያችሁ ከባለቤቱ ጋር አትጨቃጨቁ፤ ፎቶ አንስታችሁ ለደንብ ማስከበር አሳውቁ። የከተማው አስተዳደር በ2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ ያዋለው የወንዝ ዳርቻ ልማትና ብክለት መከላከል ደንብ ወደ ወንዝ ፍሳሽም ሆነ ደረቅ ቆሻሻ የሚለቅን ይቀጣል። ቅጣቱ የእናንተ ሥራ አይደለም።

ቀኑ፣ ሰዉ፣ ደብዳቤው

በዓመት ሁለት ጊዜ ውረዱ። አንደኛው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ፣ በበጋ የተከማቸውን ጎርፍ ሳይወስደው። ሁለተኛው መስከረም 10 አካባቢ። በፈረንጅ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 20 የተባበሩት መንግሥታት የዓለም የጽዳት ቀን ብሎ የያዘው ዕለት ነው፤ በእኛ መስከረም 10 ይውላል፣ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ደግሞ መስከረም 9። ክረምቱ ምን አምጥቶ ምን እንደተወ የሚታየው ያኔ ነው። በግንቦትና በመስከረም ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት ጎርፉ የወሰደውንና ያመጣውን ለመገመት ያግዛችኋል።

ዕለቱ ቅዳሜ ጠዋት ይሁን። ዓርብ የጁምዓ ነው፣ እሑድ የቤተ ክርስቲያን፤ ኮልፌ ውስጥ ሁለቱንም ያልጠበቀ ቀጠሮ ግማሽ ሰፈር ነው የሚያገኘው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምራችሁ 4 ሰዓት ላይ ጨርሱ። ሌሊት ዘንቦ ካደረ ወይም በወጨጫና በእንጦጦ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ ሰርዙት፤ እናንተ ጋ ፀሐይ እያለ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። በሰፈሩ ቀብር ከተነገረም እንዲሁ። ማንም ቀብር ትቶ ፌስታል አይለቅምም፣ መልቀምም የለበትም።

ሰው ለመጥራት ከማስታወቂያ ይልቅ እድር ይሻላል። የወር መዋጮ በሚሰበሰብበት ቀን ሁለት ደቂቃ ለምኑና ተናገሩ። ስለ ውቅያኖስ ሳይሆን ስለዚያ ስለምታውቁት ድልድይ ሽታ አውሩ። በየቤቱ ቡና ላይ ወሬው መዞር ይጀምራል። ሃያ ሰው ይበቃል፤ ስልሳ ሰው ከመጣ ግማሹ ቆሞ ያያል፣ ቀሪው ዳርቻውን ረግጦ ይንደዋል።

ወረዳ ሂዳችሁ የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ። ጉዳዩን የሚያየው የበጎ ፈቃድ ማስተባበሪያ ክፍሉ ነው፤ ለጽዳት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱም ግልባጭ ይደረግ። ደብዳቤው ሁለት ነገር ያቃልላል፦ በወንዝ ዳር ልማት ሥፍራ ያሉ ጥበቃዎች አያስቆሟችሁም፣ የቆሻሻ መኪናም በስማችሁ ይጠየቃል። ክረምት ላይ በጎ ፈቃድ በዘመቻ ስለሚካሄድ ጽሕፈት ቤቶቹ ይጣበባሉ፤ የመስከረሙን ደብዳቤ ነሐሴ ላይ ጨርሱት።

ዕቃ

ጎማ ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ ማስክ፣ አካፋ፣ ሬክ፣ ማዳበሪያ ከረጢት። ጓንቱ ስስ የሐኪም ጓንት አይሁን፤ ጠርሙስ ስባሪ በአንድ ጊዜ ይዘነጥለዋል። ለአንድ ሰው ሁለት ማዳበሪያ አስቡ። የዕቃ መመዘኛ የእጅ ሚዛን ካገኛችሁ ጥሩ፣ ካላገኛችሁ ያለ ሚዛን ይሠራል። በረኪና፣ ሳሙናና በጄሪካን ንጹሕ ውሃ ግን ግዴታ ነው። አንድ ወፍራም ክዳን ያለው የላስቲክ ጠርሙስ ለይታችሁ ያዙ፤ መርፌና ምላጭ የሚገባው እዚያ ነው። መርፌ ያየ ሰው በእጁ አያንሳ፤ አስተባባሪውን ይጥራ፤ መርፌው በሬክ ወይም በእንጨት መቆንጠጫ ተነስቶ ወደ ጠርሙሱ ይግባ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የወሰዱበትን ጊዜ የማያስታውሱ ሰዎች አስቀድመው ጤና ጣቢያ ይጠይቁ።

ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ወንዝ ዳር አይወርዱም። ላይ ሆነው የሚሠሩት ሥራ ግን አለ፤ የመዝገቡ ሥራ የእነሱ ነው።

የመጀመሪያ ዓመታችን ላይ አንድ ደግ ሰው ለበጎ ፈቃደኞቹ ሁለት እሽግ ውሃና በላስቲክ የተጠቀለለ ብስኩት አመጣልን። ጨርሰን ስንነሳ ቦታው ከመጣንበት ጊዜ ይልቅ በሃይላንድ ተሞልቶ ነበር። አሁን ሁሉም የራሱን ኩባያ ይዞ ይመጣል፤ ቆሎና ዳቦ በሰፌድ ይቀርባል፣ ቡና ከአንዱ ቤት ይወርዳል።

ወንዝ ዳር ስትደርሱ

ከላይ ከታየው አትጀምሩ። ዳርቻው ላይ ቁጢጥ በሉና የአፈሩን ፊት ተመልከቱ። ጎርፍ የቆረጠው ግድግዳ ላይ አፈር፣ ፌስታል፣ አፈር፣ ፌስታል እየተደራረበ ታያላችሁ፤ እንደ ፍርፍር ሳይሆን፣ አንዱ በሌላው ላይ እንደተነባበረ እንጀራ ነው። አንዱን ጫፍ ይዛችሁ ስትስቡ ሰማያዊው ይወጣል፣ እሱን ተከትሎ ጥቁሩ፣ ከጥቁሩ ጋር አንድ ክንድ ያህል አፈር ተንዶ ይወርዳል። እዚህ ላይ አቁሙ። አፈር ውስጥ የተቀበረውን ከነቀላችሁ ዳርቻውን ራሳችሁ ታፈርሳላችሁ። ወጥቶ የተንጠለጠለውን በማጭድ ወይም በመቀስ ቁረጡ፤ የተቀበረውን ተዉት፣ አለ ብላችሁ ግን መዝግቡ።

ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ሥሩ። አንዱ ይለቅማል፣ አንዱ ማዳበሪያውን ይዞ ዓይኑን ከውሃው አይነቅልም። ወደ ውሃው መግባት የለም። መሐል ድንጋይ ላይ የተያዘ ጎማ አይታችሁ ወንድነታችሁ ቢያነሳሳችሁም ተዉት።

ቁጠሩ

ላይ፣ ደረቅ ቦታ፣ የእድሩን ድንኳን ጨርቅ ሳይሆን አሮጌ ሸራ ወይም የማያሳዝን ላስቲክ አንጥፉ። ማዳበሪያው ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይገልብጥ፤ አንድ በአንድ። ሁለት ሰው ይለያል፣ አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራል፣ አንድ ልጅ ደብተር ላይ መስመር ይጥላል። አራት መስመር፣ አምስተኛው በላያቸው ላይ ተጋድሞ። «ፌስታል! ፌስታል! ክዳን! ፌስታል! ዳይፐር!» እየተባለ ሲጠራ መጀመሪያ ሳቅ ይበዛል። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ሳቁ ይቆማል፤ ልጁ ገጽ ሲገለብጥ ሁሉም ዝም ብሎ ያየዋል።

ዝርዝሩ አጭር ይሁን፤ ከአሥራ አምስት ዓይነት ካለፈ ማንም አይጨርሰውም። የእኛ ዝርዝር ይህን ይመስላል፦ 1 ፌስታል፣ 2 የውሃ ጠርሙስ፣ 3 የለስላሳ ጠርሙስ፣ 4 ክዳን፣ 5 የብስኩትና የከረሜላ ላስቲክ፣ 6 ዳይፐር፣ 7 ጫማና የጫማ ቁራጭ፣ 8 ጨርቅ፣ 9 ዊግና ሰው ሠራሽ ፀጉር፣ 10 ማዳበሪያ ከረጢትና ገመድ፣ 11 ፎምና ስፖንጅ፣ 12 ብርጭቆ፣ 13 ቆርቆሮ፣ 14 ባትሪና የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ 15 የሕክምና ቆሻሻ። የጫት ገለባና የአትክልት ልጣጭ አይቆጠርም፤ ይበሰብሳል። የተቀደደ ፌስታል ከመዳፍ ካነሰ አይቆጠርም። ይህን ደንብ መጀመሪያ ላይ ተስማሙበት፤ ካልሆነ አንዱ ቁራጭ ሁሉ ይቆጥራል፣ ሌላው ይዘላል፣ ቁጥሩም ዋጋ ያጣል።

ከዓይነቱ ፊት ለፊት የሠፈረውን ቁጥር አትናቁት። ትንሹ አቃቂን ተከትላችሁ ስትወርዱ ወረቀቱ ከእናንተ ጋር ወደ ኦሮሚያ ይገባል፣ ከዚያ ወደ አፋር፣ ቀጥሎም ጅቡቲ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አፋርኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ዓረብኛ። «6» ብላችሁ ካስለመዳችሁ አሳይታ ያለ ተማሪም «6» ሲያይ ዳይፐር መሆኑን ያውቃል። ባሕር ዳር የሚሠሩት ሰዎችም የሚግባቡት በዚህ መንገድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ ቴክሳስ የተጀመረው ዓለም አቀፉ የባሕር ዳርቻ ጽዳት ከመጀመሪያው ጀምሮ በጎ ፈቃደኛውን ካርድ አስይዞ ያስቆጥራል። ወንዝና ሐይቅ ላይ የተለቀመውንም ይቀበላል። ስማርት ስልክ ያለው ሰው «ክሊን ስዌል» የተባለውን መተግበሪያ ጭኖ መመዝገብ ይችላል። ደብተሩን ግን አትተዉ፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ባትሪም ያልቃል።

ማዳበሪያዎቹ የት ይሄዳሉ?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሁለተኛ ዓመታችን ላይ ወደ አርባ የሚጠጋ ማዳበሪያ ሞልተን ድልድዩ አጠገብ ደረደርን። መኪና እንልካለን ያለን ክፍል ከሰዓት በኋላ ይመጣል አለን። ማታ ሆነ። ሌሊት ዘነበ። ጠዋት ስንወርድ ሰባት ማዳበሪያ ብቻ ነበር የቀረው፤ ሌላው ወደነበረበት ተመልሶ፣ አሁን ግን ታስሮ፣ ወርዷል። አንዱ ማዳበሪያ ከታች ድንጋይ ላይ ተሰክቶ የእኛን ቀይ ገመድ እንደታሰረ አየነው።

ከዚያ ወዲህ መኪናው በአካል ሳይደርስ ልቀማ አንጀምርም። መኪና ከሌለ ቢያንስ ባዶ ገንዳ ያለበትን ቦታ አረጋግጡና እስከዚያ የሚያደርስ ጋሪ ተከራዩ። ማዳበሪያው ከወንዙ ከፍ ባለ፣ አስፋልት በሚያገናኝ ቦታ ይደርደር። በየሰፈሩ ከቤት ወደ ቤት ቆሻሻ የሚሰበስቡ የወጣቶችና የሴቶች ማኅበራት አሉ፤ አስቀድማችሁ አማክሯቸው። ሥራው የእነሱ ነው፣ የመኪናውንም ሰዓት ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ጠርሙሱን ለብቻ አስቀምጡ። የውሃ ጠርሙስ ገዢ አለው፤ ቆራሌው ይወስደዋል፣ ከእሱ ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወይም በቀጥታ ወደሚፈጩት ድርጅቶች ይሄዳል። የሚገኘው ብር ትንሽ ነው፤ ጠብ ግን ያነሳል። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ በዚያ ዳርቻ ጠርሙስ እየለቀመ የሚኖር ሰው ካለ ለእሱ ስጡት። በዓመት ሁለት ቀን የሚመጣ በጎ ፈቃደኛ በየቀኑ የሚመጣውን ሰው እንጀራ መንካት የለበትም።

የቀረው ወደ ረጲ ነው የሚሄደው፤ ቆሼ ወደምንለው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የከተማዋን ቆሻሻ የተሸከመ ቦታ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ እዚያው አጠገብ የሚኖሩ ነበሩ። በዚህ ክፍለ ከተማ ያለን ሰዎች ቆሻሻ «ሄደ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ከሌላው ሰፈር ይልቅ እናውቀዋለን። ለዚህ ነው ወደዚያ የሚሄደውን ማዳበሪያ እንኳ ቆጥረን የምንልከው።

ወረቀቱን የት ትጠቀሙበታላችሁ?

መጀመሪያ እዚያው ሰፈር። አንድ ዓመት ቁጥር 6 ከሌላው ሁሉ ጎልቶ ወጣ። ዳይፐሩ ደግሞ የተገኘው በአንዲት የእግር ድልድይ ሥር ብቻ ነበር። ዘመቻ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ሕዝባችን ግንዛቤ የለውም» ብለን እንሄድ ነበር። ወረቀቱ ግን ሌላ ጥያቄ አስነሳ፦ ለምን እዚያ ብቻ? ላይ ወጥተን ጠየቅን። የቆሻሻ ጋሪው ያችን ቁልቁለት መውረድ አይችልም፤ እናቶቹ ደግሞ ሕፃን ታቅፈው አስፋልት ድረስ መውጣት አይችሉም። ከሰብሳቢ ማኅበሩ ጋር ተነጋግረን በሳምንት ሁለት ቀን ጋሪው ቁልቁለቱ አናት ላይ ቆሞ እንዲጠራ፣ የሰፈሩ ጎረምሶችም ከየቤቱ እንዲያወጡ ተደረገ። በሚቀጥለው ግንቦት በድልድዩ ሥር ዳይፐር አልጠፋም፤ ግን ጠሪው ልጅ ትንፋሽ የሚወስድበት ጊዜ አገኘ።

ቁጥር 1 በየትም ቦታ ስለሚበዛ የት እንደሚጣል ብቻ ሳይሆን ከየት እንደሚወጣም ጠይቁ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ስስ ፌስታልን በውፍረቱ ከልክሎ ነበር፤ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠው አይመረትም፣ አይገባም ተብሎ። ሚሊ ሜትሩን ማን ይለካል? በሱቅ ፊት የቆመ ገዢ አይለካም። በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ ለአንድ ጊዜ የሚውለውን ፌስታል በአጠቃላይ ከልክሏል። የእናንተ የግንቦትና የመስከረም ቁጥር ሕጉ በእርግጥ ወንዙ ድረስ መውረዱን ወይም ወረቀት ላይ መቅረቱን የሚያሳይ ነው። የቁጥሩን ቅጂ ለወረዳው፣ ለክፍለ ከተማውና ለከተማው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በደብዳቤ አስገቡ፣ የገቢ ቁጥር ተቀበሉ።

ከዚያ ወደ ታች ላኩት። አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ እንደ እናንተ ያለ አንድ ቡድን ፈልጉ፤ እድር፣ የትምህርት ቤት ክበብ፣ ማንም ይሁን። አንድ ሰው ይበቃል። ዝርዝሩን ከነቁጥሩ ስጧቸውና በዚያው ቅዳሜ ሃምሳ ሜትር እንዲቆጥሩ ለምኗቸው። ቀጥሎ አባ ሳሙኤል ዳር፣ ቀጥሎ ቆቃ ላይ ዓሣ አስጋሪዎች፣ ቀጥሎ አዋሽ ከተማ፣ ቀጥሎ አሳይታ። በአንድ ዓመት ይህ ሁሉ አይሆንም። እኛ ከአቃቂ አላለፍንም፤ ሾፌሩ ጎረቤቴ ግን ሁለት ቅጂ ወደ አፋር ይዞ ሄዶ ለሚያርፍበት ሻይ ቤት ባለቤት ሰጥቶልኛል። ሳቅ ያለበት ነገር ይመስላል፤ ሴትዮዋ ግን ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር የአዋሽ ተፋሰስ ጽሕፈት ቤት ውሃውን ከላይ እስከ ታች የሚያይ አካል ስለሆነ ለእሱም ላኩ። ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፈቃደኛ መምህር ብታገኙ መንገዱ በግማሽ ያጥራል።

ስለ አገራት ትብብር ሲነሳ ለብዙ ሰው የሚታየው ስብሰባ ብቻ ነው። ስብሰባውም አለ። ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤን የሚጠብቀው የጂዳ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1982 የተፈረመ ነው፤ በማዕቀፉ ውስጥ ጅቡቲ፣ ሱዳን፣ ግብጽ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ዮርዳኖስ፣ የመንና ሶማሊያ አሉ። እኛ የለንበትም። በየካቲት 2014 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ የተሰበሰቡት አገሮች አስገዳጅ የፕላስቲክ ስምምነት እንዲዘጋጅ ወሰኑ፤ ውሳኔው ባሕርን ብቻ ሳይሆን ፕላስቲክን ከሚመረትበት ጀምሮ የሚመለከት ስለነበር ወደብ የሌለውም አገር እኩል ድምፅ አለው። በነሐሴ 2017 ጄኔቭ ላይ የተደረገው ድርድር ያለ ስምምነት ተበተነ። የእናንተን ወረቀት ማንም እዚያ ጠረጴዛ ላይ አያነበውም፤ ይህን ተስፋ አድርጋችሁ አትነሱ። አቤ ሐይቅ ግን የእኛም የጅቡቲም ነው። የቀጠናው አገሮች የሚሰባሰቡበት የኢጋድ ዋና መሥሪያ ቤት ጅቡቲ ከተማ ነው፣ ኢትዮጵያም አባል ናት። አንድ ቀን የሐይቁን ቆሻሻ ማን አመጣው የሚል ጥያቄ ሲነሳ ከኮልፌ ጀምሮ የተቆጠረ ነገር መኖሩ ካለመኖሩ ይለያል።

ዘመዶቻችሁ ጅቡቲ፣ ሞምባሳ ወይም ጂዳ ካሉ በዚያው ዕለት ባሕር ዳር ወጥተው በእናንተ ዝርዝር ሃምሳ ሜትር እንዲቆጥሩ ጠይቋቸው። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ለእድራችሁ ዳኛ የምታሳዩት ባሕር ይኖራችኋል።

ከጨረሳችሁ በኋላ

ጓንትና ቦት ጫማ በበረኪና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፤ እርጥቡን ከቋጠራችሁት በግንቦት የምታወጡት ሌላ ቆሻሻ ነው። የቆሰለ ሰው ካለ፣ ጭረት ብትሆንም፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። መርፌና ምላጭ የገባበትን ጠርሙስ ከቆሻሻ ጋር አትቀላቅሉ፤ ጤና ጣቢያው ይቀበላችኋል። ደብተሩ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሰውን ብዛት፣ የሃምሳ ሜትሩን መነሻና መድረሻ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ቀናት ዘንቦ እንደሆነ ጻፉ። የቆጠረው ልጅ ስሙን ከሥር ይፈርም፤ በጣም ነው የሚጠነቀቀው። ገጹን በሁለት ስልክ ፎቶ አንሱና ለአቃቂው ሰው በዚያው ምሽት ላኩለት። ደብተሩን ራሱን ከእድሩ ማኅተም ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ቆልፉት፣ ቁልፉ ጸሐፊው ጋ ይሁን።